ጉዳዩ፦ ጉንፋን እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

በ2093 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተሕዋስያን ማጥሪያ ባለሥልጣን ለመላው ነዋሪ አንድ ሰርኩላር በተነ። «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው ሰላምታ ከእንግዲህ በመሥሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በአውቶቡስ ውስጥ እንዳይነገር ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ጤና ከተሰጠ አሥራ አራት ዓመት አልፎታል፤ አሁንም «ይስጥልኝ» ማለት በአቅርቦቱ ላይ ጥርጣሬ መዝራት ነው። በምትኩ «ጤናችን እንዳለ ነው» እንዲባል ተወስኗል። የደብረ ብርሃን ሰው ሰርኩላሩን አነበበ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ከዚያም እንደ ወትሮው «እንዴት አደርክ» እየተባባለ መንገዱን ቀጠለ።

ጋሽ ሱራፌል ታምራትም ከነዚያ አንዱ ነበሩ። የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት አስተዳደር ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። አርብ አርብ ጠዋት ከባለቤታቸው ከእትዬ ኤልዳና ጋር ቀበሌ ሄደው ይሰለፋሉ፤ ተራቸው ሲደርስ አፍንጫቸውን ወደ ቀጭኗ ቱቦ ያስጠጉና መልእክት የሚባለውን የሳምንቱን መድኃኒት ስበው ይመለሳሉ። መልእክቱ ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም። ለሰውነት ነው እንጂ ለሰው አልተጻፈም። ሳምንት በሳምንት አንዱን ጀርም ሲያመክን፣ የሌላውን ዘረመል ሲቆራርጥ ኖሮ ዝርዝሩ አልቋል። ወባ የለም፣ ታይፎይድ የለም፣ ጉንፋን እንኳ የለም። በግራ እጃቸው ያለው ጤናቸውን የሚከታተል አምባር አረንጓዴ ይበራል፤ የሁሉም ሰው አምባር አረንጓዴ ይበራል።

አገሩ ጤናውን ለመልመድ ትንሽ ተቸግሮ ነበር። ፋርማሲዎቹ ጭማቂ ቤት ሆኑ። «አሞኝ ነው የቀረሁት» የሚለው ሰበብ ድንገት ሲነጠቅ የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መቅረት አቅቶት ተሰቃየ፤ በኋላ ግን በየቤቱ የውሃ ቧንቧ መፈንዳት ጀመረና ተረጋጋ። ከሁሉ የባሰ የተቸገረው ባለሥልጣኑ ራሱ ነው። አራት ሺህ ሠራተኛና አሥራ ሁለት ዳይሬክቶሬት ይዞ የሚያጠፋው ጀርም አጣ። ነገሩ በበላይ ኃላፊዎች ዘንድ ኮሌራ ካደረሰው የበለጠ ድንጋጤ ፈጥሯል ይባላል።

ማንም ያላሰበው አንድ ጣጣ ግን ነበር፤ ኩርፊያ ማለቂያ አጣ።

ድሮ ሁለት ሰዎች ተጣልተው፣ ሽማግሌም ቄስም አላስታርቃቸው ቢል፣ አንድ ቀን አንደኛው ይታመማል። ያን ጊዜ ሌላው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፤ «እንዴት ነህ፣ ተሻለህ ወይ?» ይላል። ማን በደለ፣ ማን ይቅደም የሚባል ነገር የለም። ታማሚ በመጠየቁ ተዋረደ የተባለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም፤ ጠያቂውን ከደጅ የመለሰ ታማሚም እንዲሁ። ሁለቱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ጥቂት ያወራሉ፤ ጠያቂው ሲወጣ ግንባር ይስማል፤ በቃ፣ ታርቀዋል። በሽታ ሲጠፋ ይህ በር አብሮት ተዘጋ። ሞት እርግጥ አለ፤ ግን ለቅሶ የሚያስታርቀው ከቀሪዎቹ ጋር እንጂ ከሟቹ ጋር አይደለም። ባለሥልጣኑ ባስጠናው ጥናት የአንድ ኩርፊያ አማካይ ዕድሜ ከሰባት ወር ወደ አሥራ አንድ ዓመት አድጓል። ጥናቱ ይህን «የማኅበራዊ ግንኙነት መረጋጋት» ብሎ መዝግቦታል።

ጋሽ ሱራፌል ከጎረቤታቸው ከጋሽ ናሆም ይልማ ጋር የተኳረፉት ዘጠኝ ዓመት ነው። አማካዩን ገና አልሞሉም። ሁለቱን ግቢ የሚለየው በደረት ልክ የሆነ የድንጋይ አጥር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመት አጥሩ ላይ ተደግፈው የማያወሩበት ቀን አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው እድር ስብሰባ ላይ ነው። ጋሽ ናሆም የእድሩ ዳኛ፣ ጋሽ ሱራፌል ጸሐፊ ነበሩ። ሰው መሞት ስለቀነሰ ድንኳኑ ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚል አጀንዳ መጣ። ጋሽ ናሆም አይሸጥም አሉ። ጋሽ ሱራፌል ሰው ማሳቅ ይወዱ ነበርና ተነሥተው፣ ናሆም ይቺን ድንኳን የሚሳሳላት ሁላችንንም እስኪቀብርባት ነው፣ የሰው ሞት ካልሰማ ምሳ አይወርድለትም አሉ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ናሆም አልሳቁም። የጋሽ ሱራፌል እናት የሞቱ ለት በሐምሌ ዶፍ ያችን ድንኳን የተከሏት እሳቸው ነበሩ፤ ገመዱ መዳፋቸውን ልጦት ሦስት ሳምንት እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ዞረዋል። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሽ ሱራፌል ቃላቸውን እዚያው ለመመለስ አስበው ነበር፤ ሰው ግን ገና እየሳቀ ነበርና ደስ አላቸው፣ ተቀመጡ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራሳቸውን የጠሉት ስለዚያች መቀመጥ ነው።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኳል። በመጀመሪያው ጋሽ ናሆም «ይምጣና ይንገረኝ» አሉ፤ ጋሽ ሱራፌል አፍረው ቀሩ። በሁለተኛው ጋሽ ሱራፌል እሺ ሊሉ ሲሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያችኑ ቀልድ አስታውሶ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ሚስቶቹ ብቻ ናቸው ድፎውን፣ ሽሮውንና ወሬውን በአጥሩ ላይ ሲቀባበሉ የኖሩት።

በግንቦት መጀመሪያ እትዬ ኤልዳና በአጥሩ በኩል አዲስ ወሬ ይዘው ገቡ። ጅግጅጋ ያለው የጋሽ ናሆም ልጅ ሰኔ ሠላሳ መጥቶ ሁለቱንም ሊወስዳቸው ነው። ቤቱ ይከራያል። ጋሽ ናሆም ራሳቸው ብርዱ ከእንግዲህ አይመቸኝም ብለዋል፤ ተመልሰው አይመጡም።

ጋሽ ሱራፌል ያን ቀን ምሳቸውን ትተው ተነሡ። የናሆምን መሄድ አልፈሩም፤ የፈሩት ተቀይሞ መሄዱን ነው። ማታ ሚስታቸውን «እኔ መታመም አለብኝ» አሏቸው።

በመጀመሪያ በራሳቸው ሞከሩ። በማለዳው የደብረ ብርሃን ብርድ ያለ ሸሚዝ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ያልታጠበ ካሮት በሉ። በመጨረሻም ከሰፈሩ ቦይ በጣሳ ቀድተው ጠጡ። መልእክቱ ቦዩም ውስጥ ስለሚረጭ ውሃው ከቧንቧው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። አምባራቸው አረንጓዴውን እያበራ ቀጠለ፤ እንዲያውም በዚያው ሳምንት «እንኳን ደስ አለዎት፣ ጤናዎ ተሻሽሏል» የሚል ጽሑፍ አሳያቸው። እትዬ ኤልዳና ጋቢ አልብሰው ወደ ቤት አስገቧቸው፤ ይህን ሁሉ ከምትሠቃይ ሁለት እርምጃ ሄደህ በሩን ብታንኳኳ ምን ነበረበት አሉ። ጋሽ ሱራፌል ጋቢውን እስከ አፋቸው ሳቡት። ሁለት እርምጃ መሆኑን እሳቸውም ያውቁታል።

ኋላ ላይ የሰሙት ነገር ተስፋ ሰጣቸው። ሐኪም ለመሆን የሚማሩ ልጆች ታማሚ ሰው አይተው ስለማያውቁ ባለሥልጣኑ በየዓመቱ ለአንድ ፈቃደኛ አንድ ጉንፋን ለመስጠት ፈቅዷል። ዘረመሉ የተከረከመ ጉንፋን ነው፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ በአምስተኛው ቀን ራሱ ይጠፋል። ጠያቂ መምጣትም አይከለከልም። ጋሽ ሱራፌል ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቅርንጫፍ ቢሮው ሄዱ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ወይዘሪት ጌጤነሽ የምትባል ወጣት ነበረች፤ በዚያ ዘመን ለልጆች የጥንት ስም ማውጣት ፋሽን ሆኖ ነበር። ቅጹን ሰጠቻቸው። ጋሽ ሱራፌል በዚያ በተመሰገነ የቢሮ ጽሕፈታቸው ርዕሱን ሞሉ፣ አሰመሩበት፣ «የመታመም ምክንያት» ከሚለው ፊት «ለሳይንስ እድገት» ብለው ጻፉ። ልጅቷ አነበበችና መለሰችላቸው።

«አባባ፣ እስከ ዛሬ ያመለከቱት ሁሉ ለሳይንስ እድገት ነው ያሉት። ኮሚቴው አንዱንም አላመነም። ለምን መታመም እንደፈለጉ እውነቱን ይጻፉልኝ።»

ጋሽ ሱራፌል የቀድሞውን ሰርዘው እንደገና ጻፉ። «የግቢዬ አዋሳኝ የሆኑትን አቶ ናሆም ይልማን በክፉ ቃል አስቀይሜ ዘጠኝ ዓመት ስለኖርኩ፣ ይቅርታ ለመጠየቅም አፌ ስለተያዘ፣ ታምሜ እንዲጠይቁኝና ሳይሄዱብኝ እንድንታረቅ።» ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንዲህ ከሆነስ ይገባዎታል አለችና ማኅተሟን መታች። የቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ ግቢውን በሦስት ወገን የሚያዋስኑት ጎረቤቶች ቅጹ ላይ ይፈርማሉ። አራተኛው ወገን መንገድ ስለሆነ አይፈርምም።

ጋሽ ሱራፌል ወረቀቱን አቅፈው እንደ ወጣት እየተራመዱ ወደ ቤት ተመለሱ። ከኋላ ያለችው የመዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር ፈረመች። ከግራ ያለው ጎረቤትም ሳያነብ ፈረመ። የቀኙን፣ የሦስተኛውን ወገን ፊርማ፣ ሚስታቸው በአጥሩ ላይ ለጋሽ ናሆም ሚስት አቀብለው እንዲያስፈርሙላቸው ላኳቸውና ምሳቸውን ሊበሉ ተቀመጡ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጡት ትዝ አላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአዋሳኝ ፊርማ ሲያሰባስቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሳያነብ የማይፈርም ሰው እንዳለ፣ ናሆም ደግሞ ነጥብና ሰረዙን ሳይቀር እንደሚያነብ ያውቃሉ። ሮጠው ሲወጡ እትዬ ኤልዳና እጃቸውን እያራገፉ ከአጥሩ ይመለሱ ነበር።

ሦስት ቀን ከዚያ ግቢ ድምፅ አልመጣም። ጋሽ ሱራፌል ደጅ መውጣት ፈሩ። ገመናዬ ወረቀት ላይ ወጣ፣ ለጅግጅጋ ሰው ሁሉ ያነብብኝ ይሆናል እያሉ ክፍል ውስጥ ይንቆራጠጡ ነበር። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈቱ። ጋሽ ናሆም በአንድ እጃቸው ቅጹን፣ በሌላው ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዘው ቆመዋል። ሸብተዋል፤ በአጥር ላይ ሲታዩ ይህን ያህል የሸበቱ አይመስሉም ነበር።

«አልፈርምም» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ለምን?»

«ብርቱካኑን ገዝቼዋለሁ። አንተ ተፈቅዶልህ እስክትታመም ይበሰብሳል።»

ጋሽ ሱራፌል ከበሩ ገለል አሉ። ጋሽ ናሆም ገቡና አልጋ ስላልነበረ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሱራፌል ቆመው ቀሩ።

«ናሆም፣ ያን ቀን ያልኩህ ነገር…»

«ተወው። ውሾን ያነሣ ውሾ።»

«አይ፣ ላንሣው። እናቴ የሞተች ለት እጅህ ሲደማ አይቻለሁ። ያንን እያወቅሁ ነው ሰው ያሳቅሁብህ።»

ጋሽ ናሆም ቀና ብለው አዩዋቸው። «መሳቃቸውስ ምንም አልነበረም» አሉ፤ «አንተ ቁጭ ስትል ነው የከፋኝ።» ጋሽ ሱራፌል ጎንበስ ብለው አቀፏቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገት ለአንገት ተያይዘው፣ ድምፅ አውጥተው፣ አፍንጫቸው እስኪዘንብ አለቀሱ። እትዬ ኤልዳና ከጓዳ ብቅ ብለው አዩና እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ጀመር።

ሁለቱ አምባሮች አንድ ላይ ቀይ ሆኑ።

የባለሥልጣኑ መኪና በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሰ። አራቱ ባለሙያዎች ሥራ ከጀመሩ ስድስት ዓመታቸው ሲሆን ሲጠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ አንደኛው ጭምብሉን ገልብጦ አጥልቋል። ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁ። ለቅሶ ሲኖር እድሩ አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ አምባሮቹም ለሦስት ቀን ይታለፋሉ። ይህ ለቅሶ ግን አልተመዘገበም። ጋሽ ሱራፌል ማንም አልሞተም፣ ታርቀን ነው አሉ። ባለሙያው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ቢፈልግ «ታርቀን» የሚል ምርጫ አጣበት። «ያልታወቀ» የሚለውን ነካ። ሪፖርቱ ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወርድ ፈሳሽ፣ የድምፅ መቆራረጥና የትከሻ መንቀጥቀጥ መታየቱን ገልጾ፣ ነገሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በደቂቃ ውስጥ እንደሚተላለፍ ያስረዳል። ወይዘሪት ጌጤነሽም ማመልከቻውን «አመልካቹ በራሳቸው በመታመማቸው» ብላ ዘጋችው።

ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ለሃያ አንድ ቀን ለይተው አስቀመጧቸው። ጋሽ ሱራፌል ከዚያ የበለጠ ደስታ በዕድሜያቸው አያስታውሱም። ሁለት አልጋ፣ በመካከሉ አንድ ጠረጴዛ፤ የዘጠኝ ዓመት ወሬ ተጠራቅሞ ነበር። ጋሽ ናሆም ለካ በየዓመቱ በራሳቸው የልደት ቀን አጥሩ ጋ ቆመው ሲያስሉ ይውሉ ኖሯል፤ ማለትም እንደሚያስሉ ሆነው፣ ሰው ዞር ብሎ እንዲያያቸው። ጋሽ ሱራፌል ሰምተው ነበር፤ የሚሳለቁባቸው መስሏቸው ገብተው በር ዘግተዋል። ይህን ሲነጋገሩ ሳቁ፤ ቀጥሎም እንደገና አለቀሱ፤ በመስታወቱ ማዶ የሚያዩአቸው የሕክምና ተማሪዎችም ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ሰው ታመመ መባሉ ከተማውን አዳረሰው። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የሚጠየቅ ሰው ተገኘ። የብርቱካን ዋጋ በአንድ ቀን እጥፍ ሆነ። ሕዝቡ ሁለቱ ከተለዩበት ሕንፃ ደጅ ተሰልፎ ሳለ፣ በሰልፉ ላይ ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ እህትማማቾች ፊት ለፊት ተገናኙ። ታማሚ ሊጠይቁ መጥተው እንዴት አይነጋገሩ? ተነጋገሩ፣ አለቀሱ፣ ቀይ ሆኑ። ከኋላቸው የቆሙት የተፋቱ ባልና ሚስትም እንዲሁ። በሳምንቱ መጨረሻ አሥራ ስምንት ሰው ገብቷል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት መቶ አሥር። ባለሥልጣኑ ወረርሽኝ መቀስቀሱን አወጀ። ዋና ዳይሬክተሩ በቴሌቪዥን ቀርበው ሁኔታው እጅግ አሳሳቢ መሆኑን ሲያስረዱ ፊታቸው ላይ ለብዙ ዓመት ያልታየ ወዝ ነበር። አሥራ ሁለቱም ዳይሬክቶሬቶች ሥራ አገኙ።

ጀርም ፈለጉ፤ አላገኙም። ይህ ግን አላገዳቸውም። ጀርም ከሌለ በሰውነት ውስጥ ያንን ፈሳሽ ውጣ ብሎ የሚያዝ አንድ ነገር መኖር አለበት፤ እሱን አገኙት። ዝም የሚያሰኝ መልእክት ተዘጋጀለት። ሰኔ አጋማሽ ላይ በዋለው አርብ በየቀበሌው በቱቦ ተሰጠ፤ ለገቡትም በየአልጋቸው መጣላቸው። ጋሽ ሱራፌልና ጋሽ ናሆም እንደ ልማዳቸው ሳቡት። በነጋታው ሁሉም ድኖ ወጣ። ባለሥልጣኑ የምስጋና ሰርኩላር በተነ።

ሰኔ ሠላሳ ጠዋት የጋሽ ናሆም ልጅ መኪናውን በራፉ ላይ አቆመ። ሻንጣው ተጫነ፣ ፍራሹ ታሰረ፣ ሴቶቹ ጓዳ ለጓዳ ተሰናበቱ። ጋሽ ሱራፌል ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያያሉ። ማልቀስ ፈለጉ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላል የአገሩ ሰው። ከልባቸው ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም። ዓይናቸውን ጨመቁ፣ የእናታቸውን ቀብር አሰቡ፣ ጣታቸውን ነከሱ። ዓይናቸው እንደ ብርጭቆ ደረቅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ተቀይሞ የታረቃቸው ናሆም አሁን ዘወር ብሎ ቢያያቸው ምን ይላል? ስሄድ እንኳ አልከፋውም ብሎ ነው የሚሄደው። ይህ ሐሳብ ከመለያየቱ ይልቅ አንገበገባቸው።

ፈጠን ብለው ወደ ግቢው ቧንቧ ሄዱ። ከፈቱት፤ በሁለት እጃቸው ዘግነው ዓይናቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ አፍንጫቸውን አራሱ፤ እንዲንጠባጠብ ሳይጠርጉት ወደ መንገዱ ወጡ።

ጋሽ ናሆምም በዚያው ቅጽበት ከባዶው ግቢያቸው ይወጡ ነበር። ፊታቸው ርሷል፤ ውሃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አበስብሶታል፣ እጅጌያቸውም እስከ ክርናቸው ረጥቧል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዳቸው የሌላውን ፊት አዩ። ከዚያ ተጠጉ፤ የልጁ መኪና ጡሩምባ ሁለት ጊዜ እስኪጮህ ድረስም እርጥብ ጉንጫቸውን አጣብቀው ቆሙ።